የቆቦ ልጆችና የአትክልት ስፍራ ትምህርት

በጆሮ ብቻ የገባ ትምህርት በፈተናው ማግስት ይረሳል፤ በዓይን ታይቶ፥ በእጅ ተዳስሶ፥ በአፍም ተቀምሶ የተማሩት ነገር ግን እስከ ሽምግልና ድረስ ከሰው ጋራ ይኖራል። ይህን ልጅ ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ስለ ምግብ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፍ ሥዕልና በጥቍር ሰሌዳ ላይ የተወሰነ ሆኖ ይገኛል። ልጁ የፓፓያን ሥዕል አይቶ ስሙን ከነጥቅሙ በደብተሩ ይጽፋል፤ ነገር ግን የፓፓያ ዛፍ ወንድና ሴት እንዳለው፥ ወንዱ ብቻውን ቢተከል አበባ እንጂ የረባ ፍሬ እንደማይሰጥ በዓይኑ አላየም። ስለ ቫይታሚን ሲጠየቅ አሳምሮ ይመልሳል፤ ከአጥር ማዶ የበሰለው ዘይቱን ለወፍ ሲሆን ግን ዝም ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በወረቀት ላይ የበቀለ ዛፍ ነውና ጥላም ፍሬም የለውም።

ስለዚህ በሰሜን ወሎ ዞን በቆቦ ከተማና በራያ ቆላ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በየወቅቱ ወደ አትክልት ስፍራ እያወጡ፥ ስለ ፍሬና ስለ ዓለም የምግብ ነገር በዚያው እንዲያስተምሩ ማድረግ፥ የትምህርትና የእርሻ ሹማምንት፥ በየደብሩም ያሉ ካህናት ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ልማዱ ለማናቸውም አገር ይጠቅማል፤ ለቆቦ ግን ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ ከላስታ ደጋ በሚወርደው ገደልና በምሥራቅ በሚታየው በዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ፥ አፈሩ ወፍራም፥ ፀሐዩም ብርቱ የሆነ ቆላ ነው። በሜዳው ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ዓመት ቢበቃ በሌላው ዓመት ይጎድላል። ነገር ግን በደጋው የዘነበው ውሃ በጎቡ፥ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ጎርፍ ሆኖ ይወርዳልና፥ የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሽላው እርሻ ሲመራ ኖሯል። ከመሬቱም በታች ብዙ ውሃ መኖሩ ስለ ታወቀ፥ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት በተባለው የመንግሥት ሥራ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፥ በሞተር የሚሳበው ውሃ በቧንቧ እየተመራ በጠብታና በርጭት ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ሌላም አትክልት እንዲበቅልበት ተደርጓል። ከወልድያ በስተደቡብ ባለው በሀብሩ ወረዳ ደግሞ መርሳና አካባቢዋ በብርቱካንና በማንጎ የታወቁ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሳለ፥ ይህ አገር በዓለም ዘንድ ስሙ የተጠራው በውሃውና በአፈሩ ሳይሆን በረሃቡ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ቤቱን ዘግቶ የወጣው ባላገርም ርዳታ ያገኝ እንደ ሆነ ብሎ ወደ ዋናው መንገድ ወርዶ ተቀምጦ ነበር። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከአላማጣ ዳገት በላይ ባለችው በኮረም፥ ማይክል በርክ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛና ሞሐመድ አሚን የተባለው የኬንያ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሡት ፊልም በቴሌቪዥን ታይቶ የዓለምን ሕዝብ አስለቅሷል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሎንዶንና በፊላደልፊያ ታላላቅ የዘፈን ትርኢቶች ተደርገው የርዳታ ገንዘብ ተሰብስቧል። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ የልጅ አባትና እናት ሆነዋል። ልጆቻቸው ስለ ክፉው ዘመን ከወላጆቻቸው አንደበት ይሰማሉ፤ ረሃብ በምን መንገድ እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል ግን አጥርቶ የሚያስረዳቸው ጥቂት ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ሳይስማማ አይቀርም። ውሃው ከእግሩ በታች፥ ጎርፉ በደጃፉ ሳለ የተራበ ሕዝብ ልጅ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ይህ እንዴት እንደ ሆነ ነው።

በቅርቡ ዘመንም መከራው አላቋረጠም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በራያና በቆቦ ቆላ ወርዶ፥ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በገበሬው ፊት በልቶታል። በዚያው ዓመት ፍጻሜ በሐምሌ፥ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ድረስ ደርሶ ልጆች ከትምህርታቸው ተለይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም በብዙ ስፍራ የትምህርት ቤት ደጅ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ፥ ትምህርቱ ከኑሮው ጋራ የተገናኘ ካልሆነ ልቡ እንደማይመለስ መምህራን ያውቃሉ። የአትክልት ስፍራ ልጁን ዝም ብሎ ከሚያስጨንቀው ሐሳብ ወደ ሥራ የሚያሸጋግር ነው፤ ትናንት የተዘራው ዛሬ ሲበቅል ማየት ለተጎዳ ልብ ትልቅ ማጽናኛ ነውና።

እንግዲህ አንድ መምህር ከክፍሉ ልጆች ጋራ ወደ አንድ ገበሬ የፍሬ ስፍራ ቢሄድ፥ በዚያ የሚያገኘው ትምህርት ምንና ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል።

የመጀመሪያው ትምህርት የውሃ ነው። ልጆቹ ሁለት መደቦችን ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ፤ አንዱ ውሃ ተለቅቆበት የሚጥለቀለቅ፥ ሁለተኛው ከቧንቧው ቀዳዳ ጠብ ጠብ የሚልለት ይሁን። ለእያንዳንዱ ስንት ባልዲ ውሃ እንደ ገባ ይቍጠሩና በደብተራቸው ይጻፉ። ከዚህ በኋላ መምህሩ፥ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በጎተራ እንዳለ እህል መሆኑን፥ ከገባው ይልቅ የሚወጣው ከበዛ ጎተራው እንደሚጎድል፥ ሞተሩም ነዳጅ ወይም መብራት ወይም አንዲት ዕቃ ቢያጣ ውሃው ከምድር በታች እያለ ቡቃያው እንደሚደርቅ ያስረዳቸው። በዚህ ሒሳብ፥ የተፈጥሮ ትምህርትና የኑሮ ትምህርት በአንድ ሰዓት አብረው ይሰጣሉ። በዓለም ላይ ሰው ከሚጠቀምበት የወንዝና የጉድጓድ ውሃ አብዛኛው የሚውለው ለእርሻ መሆኑንም ልጆቹ በዚህ ቢሰሙ፥ ነገሩ ከባልዲያቸው ተነሥቶ እስከ ዓለም ዳርቻ ይደርስላቸዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የፍሬዎቹ አገርና ስም ነው። ልጁ በአንድ አጥር ውስጥ ማንጎን፥ ሙዝን፥ ብርቱካንን፥ ፓፓያንና ዘይቱንን አብረው ቆመው ሲያይ፥ ሁሉም ከዚሁ አፈር የተገኙ ይመስለዋል። ነገር ግን ማንጎ ከህንድ በኩል፥ ሙዝ ከእስያ ደቡብና ምሥራቅ፥ ብርቱካንም ከቻይና ወገን የተነሡ ናቸው፤ ፓፓያ፥ ዘይቱንና አቮካዶ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግረው ከአሜሪቃ መጥተዋል። ስማቸውም የመጡበትን መንገድ ይናገራል። ብርቱካን የሚለው ቃል ፖርቱጋል ከተባለው አገር ስም የመጣ ነው፤ ሙዝና ሎሚ በዐረብ ነጋዴዎች አንደበት በኩል ያለፉ ናቸው። ዘይቱን በዐረብኛ የወይራ ፍሬ ስም ሲሆን በአማርኛ ለሌላ ፍሬ ተሰጥቷል። በለስም እንዲሁ ነው። በመጻሕፍት የሚነበበው በለስና ዛሬ በራያ ኮረብታ ላይ በእሾህ ታጥሮ የሚገኘው በለስ ሁለት ልዩ ልዩ ተክሎች ናቸው፤ የፊተኛው የጥንት ዛፍ ሲሆን የኋለኛው ከአሜሪቃ የመጣ ቍልቋል ነው። ይህን ልዩነት ለልጆች መግለጥ ከካህናት የተሻለ የሚችለው የለም።

በዚህም ልጁ የሚማረው ነገር፥ በዓለም ላይ ከሌላው ሳይቀበል በራሱ ብቻ የሚበላ ሕዝብ አለመኖሩን ነው። ኢትዮጵያም ተቀባይ ብቻ አይደለችም። ቡና ከዚሁ ወጥቶ የዓለምን ማለዳ ሞልቷል። ማሽላም በመጀመሪያ የለማው በአፍሪቃ በሰሜን ምሥራቅ ወገን መሆኑን ሊቃውንት ይመሰክራሉ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 በአሜሪቃ የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር በሺህ በሺህ ሲመረምሩ፥ ላይሲን የተባለው ገንቢ ነገር ከሌላው ሁሉ የበዛባቸው ሁለት ዓይነት ማሽላዎች ያገኙ ሲሆን፥ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ፤ ዘራቸውም በወሎ ገበሬ እርሻ ላይ ተገኝቷል። የወሎ ገበሬ ግን ይህን በምላሱ አስቀድሞ አውቆት ስለ ነበረ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ስም አውጥቶለት ኖሯል። ልጁ ይህን ሲሰማ አያቱን በሌላ ዓይን ይመለከታል። በረሃብ ዘመን ዘሩ ሳይቀር ተቆልቶ ሲበላ የሚጠፋው የአንድ ዓመት መከር ብቻ አለመሆኑን፥ ዶክተር መላኩ ወረደን የመሰሉ ሊቃውንት ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የገበሬውን ዘር ለማዳን የደከሙት ለምን እንደ ሆነም ያስተውላል። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1989 ከስዊድን አገር ከፍ ያለ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሦስተኛው ትምህርት የሰውነት ነው። ረሃብ ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። አንዱ ሆድ ባዶ ሲሆን ወዲያው የሚታወቅ ነው፤ ሁለተኛው ሆድ ሞልቶ ሳለ ሰውነት የሚያስፈልገውን ሲያጣ የሚመጣ ስውር ረሃብ ነው። ጠዋትም ማታም የማሽላ እንጀራ የበላ ልጅ ጠግቦ ያድራል፤ ቁመቱና ትምህርት የመቀበል ኃይሉ ግን ይቀንሳል። በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብ ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ የተገኙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 37 ሆነዋል። መሻሻሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ ሕፃናት ከአንዱ በላይ ቀንጭሮ ሲያድግ ደስታው ሙሉ አይሆንም። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት የሚበሉት በቍጥርም በዓይነትም የበቃ ሆኖ የተገኘው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከመቶ ሰባቱ ብቻ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ውሳኔ ያወጀውና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተነሣው ስለዚህ ነው። ሰቆጣ ደግሞ ለሰሜን ወሎ ጎረቤት እንጂ ሩቅ አገር አይደለችም።

በአትክልቱ ስፍራ መምህሩ አንድ የበሰለ ማንጎ ቆርጦ ብጫውን ሥጋ ያሳያቸው። ይህ ብጫ ቀለም በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ እንደሚለወጥ፥ ይህም በምሽት ማየት የሚከለክለውን ዳፍንትን እንደሚከላከል ይንገራቸው። ዘይቱን ደግሞ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን በብዙ እንደሚበልጥ፥ ይህም በማሽላና በጤፍ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት አጥብቆ እንዲቀበል እንደሚረዳ ያስረዳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍሬና አትክልት እንዲበላ ይመክራል። ልጆቹ በሚዛን መዝነው 400 ግራም ምን ያህል እንደ ሆነ በእጃቸው ይያዙት፤ ከዚያም በየቤታቸው በትናንትናው ቀን ስንት እንደ ተበላ ራሳቸው ያስሉት።

በዚህ ነገር ካህናት ልዩ ድርሻ አላቸው። ጾም በሚገባበት ወራት ወተት፥ ቅቤና ዕንቍላል ከቤቱ ይወጣል። ሕፃናቱ ከጾም ሕግ ነጻ ቢሆኑም በምድጃው ላይ የሚሠራው የጾም ምግብ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለእነርሱ ለብቻ የሚዘጋጅላቸው ጥቂት ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ ማንጎና ፓፓያ፥ ጎመንና ካሮት የጾሙን ሥርዓት ሳያፈርሱ የልጁን ዓይንና አካል የሚጠብቁ ናቸው። አንድ የንስሓ አባት ይህን ቃል በአንድ ቤት ቢናገር፥ ከብዙ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። በራያ ቆላ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብቶ የሚኖር ስለ ሆነ፥ የመስጊድ መምህራንም እንዲሁ ቢያደርጉ ምክሩ ከቤት ሁሉ ይደርሳል።

አራተኛው ትምህርት የጥንቃቄ ነው። በራያ ኮረብታ የነበረው በለስ፥ በክረምት የድኻው ምግብ፥ በድርቅ የከብቱ መኖና ውሃ ሆኖ ብዙ ቤተ ሰብ ያሻግር ነበር። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ከበለሱ ላይ ቀይ ቀለም ለመሸጥ ታስቦ፥ ኮቺኒል የተባለች ትንሽ ነፍሳት ወደ ትግራይ ደቡብ እንድትገባ ተደረገ። ንግዱ እንደ ታሰበው ባለመከናወኑ ነፍሳቷ ያለ ጠባቂ ተስፋፍታ በራያ ቆላ ብዙ በለስ አድርቃለች። በዚህ ማንንም መውቀስ አይጠቅምም፤ የታሰበው ለጥቅም ነበርና። ነገር ግን ልጆች በነጭ ብናኝ የተሸፈነውን የበለስ ቅጠል አይተው፥ በጣታቸው ሲጨፈልቁት ቀይ ቀለም ሲወጣ ቢመለከቱ፥ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ አስቀድሞ እንዲመረመር፥ አንድን ተክል ብቻ መታመንም አደጋ እንዳለበት አይረሱም። ስለ አንበጣውም የሚነገራቸው እንዲሁ ነው፤ በየመንና በሶማሌ በረሃ የተፈለፈለው መንጋ የመንግሥታትን ወሰን ሳይጠይቅ ቆቦ መድረሱ፥ የምግብ ነገር የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይገልጣል።

አምስተኛው ትምህርት የገበያ ነው። ልጆቹ ከአትክልቱ ስፍራ ሲመለሱ በቆቦ ገበያ በኩል ይለፉ። ማለዳ ከዛፍ የወረደው ፓፓያ በጆንያና በጋሪ ተጭኖ ሲደርስ ስንቱ እንደ ቆሰለ፥ ስንቱስ ሳይሸጥ እንደ ዋለ ይቍጠሩ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ባወጣው ጥናት፥ በዓለም ላይ ለሰው ተብሎ ከሚመረተው ምግብ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ሳይበላ እንደሚባክን ገልጧል። በሌላ ወገን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2025 ባወጡት መግለጫ፥ በ2024 ዓመት 673 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ተራበ፥ 2.6 ቢሊዮን ያህል ሰውም ጤናማ ምግብ ገዝቶ ለመብላት ዐቅም እንዳነሰው ተጽፏል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን ማየት የዓለምን የምግብ ችግር ግማሹን ማወቅ ነው። ሽንኩርት ሁሉ በአንድ ሳምንት ደርሶ ዋጋው የወደቀበትን ገበሬ ያየ ልጅ ደግሞ፥ ማምረት ብቻውን እንደማይበቃ፥ መንገድ፥ ማከማቻና መልካም ሐሳብ ያለው ንግድ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ በኢትዮጵያ የስንዴ፥ የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋ ለምን እንደ ጨመረ ቢጠየቅም፥ መልሱን ከዚሁ ገበያ ጀምሮ ማስላት ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ አይጠፋም፤ ሊናቅም አይገባውም። አንዳንድ ወላጅ «ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት ከሞፈርና ከቀንበር እንዲያመልጥ ነው፤ አሁን ደግሞ ወደ አፈር ትመልሱታላችሁን?» ይላል። አባባሉ ከመራራ ኑሮ የወጣ ነው። ነገር ግን የአትክልት ስፍራ ትምህርት ልጁን ለሞፈር የሚያስር ሳይሆን፥ በአፈሩ ላይ ዕውቀት እንዲጨምርበት የሚያደርግ ነው። ዶክተር ገቢሳ እጀታ ከገበሬ ቤት ተወልደው፥ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፥ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማስገኘታቸው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራ በቆቦ ማሽላ ውስጥ ስንት መከር እንዳጠፋ የማያውቅ ገበሬ የለም። ስለዚህ ያ ሽልማት ለራያ ልጅ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከእርሻው ድንበር ላይ የበቀለ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይልቅ እውነትነት አለው። ልጆችን ለማስተማር እየተባለ ወደ እርሻ አውጥቶ እንደ ደቦኛ ማሠራት፥ ጥፋት ያጠፋውንም ተማሪ በአትክልት ቍፋሮ መቅጣት በብዙ ስፍራ የታየ ልማድ ነው። በቅጣት የተማሩትን ሥራ ማንም አይወድም። ስለዚህ ወደ አትክልት ስፍራ የሚደረገው ጉዞ ትምህርት እንጂ የጉልበት ሥራ እንዳይሆን፥ ልጁም መጠየቂያ ደብተርና እርሳስ እንጂ ዶማ ብቻ ይዞ እንዳይሄድ ሹማምንት በመመሪያ ሊወስኑ ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ፥ እንግዳ በመጣ ዕለት ብቻ ልጆችን አሰልፎ፥ ችግኝ አስይዞ፥ ፎቶግራፍ አስነሥቶ መመለስ ነው። በማግስቱ ውሃ የሚያጠጣው የሌለው ችግኝ በሳምንቱ ይደርቃል፤ ልጁም ከዚህ የሚማረው ለታይታ መሥራትን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዲጸና የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ለእያንዳንዱ ክፍል በእግር የሚደረስበት አንድ የቅርብ አትክልት ስፍራ ይመረጥለት፤ መንገዱ ጸጥ ባላለበት ጊዜ ልጆችን ወደ ሩቅ መውሰድ አይገባምና። በዓመት ሦስት ጊዜ ይሄዱ፤ አንደኛው ዛፉ ሲያብብ፥ ሁለተኛው ፍሬው ሲበስል፥ ሦስተኛው ፍሬው ገበያ ሲወጣ ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዛፍ የራሱ አድርጎ ዓመቱን ሁሉ ይመልከት፤ ስንት አበባ አውጥቶ ስንቱ ፍሬ እንደ ሆነ፥ ስንቱን ነፋስና ተባይ እንዳረገፈው ይጻፍ። የአትክልቱ ባለቤት ያልተማረ ገበሬ ቢሆን እንኳ በዚያ ቀን መምህር እርሱ ነውና፥ ልጆቹ ተነሥተው እጅ ይንሡት፤ የትምህርት ቤቱ መምህርም አብሮ ይጠይቀው። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅም የጫካውን ፍሬ በስሙና በወራቱ ያውቃልና፥ በክፍል ውስጥ ዝም የሚለው ያ ልጅ በዚህ ጊዜ ለጓደኞቹ አስተማሪ ይሁን።

የስሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል በሀብሩ፥ ንዑስ ጣቢያውም በቆቦ ይገኛል፤ በመርሳም የእርሻ ኮሌጅ አለ። በእነዚህ ያሉ ዐዋቂዎች በዓመት ጥቂት ቀን ለልጆች ቢሰጡ፥ ከመልካም ዛፍ የተቆረጠ ቡቃያ በሌላ ግንድ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ፥ እንዲህ ያለው ማንጎ ከፍሬው ተዘርቶ ከሚበቅለው ይልቅ በብዙ ዓመት ቀድሞ እንደሚያፈራ ሊያሳዩ ይችላሉ። በየደብሩ ቅጥር ያለው ዛፍ አገሩ በተራቆተበት ዘመን እንኳ በካህናት ጥበቃ ቆይቷል። ከዚያ ቅጥር በውጭ ባለው ባዶ ቦታ ጥቂት የፍሬ ዛፍ ተተክሎ የሰንበት ተማሪዎች ቢያጠጡት፥ ደብሩም ይጠቀማል፥ ልጆቹም ይማራሉ። ልጆች በየቤታቸው የእጅ መታጠቢያው ውሃ በሚፈስበት ስፍራ ሁለትና ሦስት የፓፓያ ዘር ቢተክሉ፥ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ፍሬውን ይበላሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን አባትና እናት፥ ከዛፉ የወረደው ፍሬ ሁሉ ወደ ገበያ ሄዶ በጨውና በስኳር እንዳይለወጥ፥ ለልጆቹ ድርሻ እንዲያስቀሩ ሊመከሩ ይገባል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥቅምት 6 ቀን 1938 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ፥ ዓለም ከታላቁ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፤ ኢትዮጵያም በ1940 ዓ.ም. ከአባሎቹ አንዷ ሆናለች። ያ ቀን ዛሬ በየዓመቱ የዓለም የምግብ ቀን ተብሎ ይከበራል። በቆቦ ይህ ቀን ንግግር ከሚሰማበት ይልቅ፥ ልጆች በአትክልት ስፍራ ያዩትን በአደባባይ ለወላጆቻቸውና ለሹማምንት የሚያስረዱበት ቢሆን ይሻላል። የተራበ ሕዝብ ልጅ ተብሎ በዓለም ሥዕሉ የታየ ወገን፥ በራሱ አፍ ስለ ምግብ ሲናገር መስማት ለአገሩ ክብር ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዲሉ፥ ልጅን ማስተማር ገና በለጋነቱ ነው። ማንጎ ዛሬ ቢተከል ጥላና ፍሬ የሚሰጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ልጅም እንዲሁ ነው። የዛሬው የስምንት ዓመት ሕፃን ነገ የቆቦን ውሃ የሚመድብ ሹም፥ ወይም ዘሩን የሚመርጥ ገበሬ፥ ወይም በምድጃው ፊት ለልጇ ምን እንደምትሰጥ የምትወስን እናት ይሆናል። ዝናቡ በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀር፥ ያ ሰው የሚያውቀው ነገር ለብዙዎች ሕይወት ወይም ሞት ነው። ስለዚህ የትምህርቱና የእርሻው ሹማምንት ጉዳዩን ለሚቀጥለው ዓመት ሳያሳድሩ ተገናኝተው ይምከሩበት፤ መምህሩም ነገ ጠዋት ልጆቹን አስከትሎ ከትምህርት ቤቱ በር ይውጣ።